ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? (የሸክላ ነገር)

እስኪ በጥያቄ ልጀምር፡፡ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ «አይሸጥም» የተባለ ዕቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ካሴት፣ ሬዲዮና ሸክላ ከሚሸጥባቸው ትንንሽ ሱቆች በአንዱ፣ ከባለሱቁ ወንበር ጀርባ አራት ትንንሽ ሸክላዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው አየሁ፡፡

«ጋሼ፣ እነዚያስ ስንት ናቸው?»

«እነሱ አይሸጡም፣ የኔ ልጅ፡፡»

«ታዲያ ለምን ሱቅ አመጧቸው?»

«ቤት ባስቀምጣቸው ልጆቹ ይጥሏቸዋል፡፡ እዚህ ሲሆኑ፣ የቸገረኝ ቀን እሸጣቸዋለሁ፡፡ እስካሁን ግን አልቸገረኝም» ብለው ሳቁ፡፡

መልሳቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፡፡ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እንጀራው መሸጥ ነው፡፡ በእጁ ከሚያልፈው ዕቃ መሀል ግን አንዳንዱ ከዚያ በኋላ የማይገኝ ነው፡፡ ታሪኩን ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳየው፣ የሙዚቃችን ዕጣ ብዙ ጊዜ የተወሰነው በቢሮ ሳይሆን በሱቅ ባንኮኒ ላይ ሆኖ አገኘሁት፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የተሰበረው ድምፅ

ድምፅን ማስቀመጥ ወይስ ማጥፋት የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ የመጣው ከመጀመሪያዎቹ የድምፅ መሣሪያዎች ጋር ነው፡፡ በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀርጻ ላከች፡፡ ድምፁ ያለው በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር፡፡ ትእዛዟ ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ነበርና ተሰበረ፡፡ ምኒልክና ጣይቱ በበኩላቸው ቀርጸው የላኩት መልስ እስከ ዛሬ አለ፣ ድምፃቸውም ይሰማል፡፡ ልዩነቱን ልብ በሉልኝ! አንዱ ጋር «ይጥፋ» ተባለ፣ ሌላው ጋር ማንም አላለም፡፡

ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የመኪና ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ፡፡ እዚያ ሳሉም በርሊን ላይ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ፡፡ የአማርኛ ዘፈን በሸክላ መሰማት የጀመረው እንዲህ ነው፡፡

ስሙም ይገርማል፤ ሸክላ ስንል ጀበናውም ሸክላ፣ ምጣዱም ሸክላ፣ ዘፈኑም ሸክላ፡፡ ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ከእጅ ካመለጡ አለመመለሳቸው ነው፡፡

ከሻጭነት ወደ አሳታሚነት

አሁን ወደ ፒያሳ እንሂድ፡፡ በ1960ዎቹ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት «ሐራምቤ» የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው፡፡ የአሜሪካውን፣ የሕንዱን፣ የሱዳኑን ሸክላ ያስመጣል፣ ይሸጣል፡፡ ማታ ማታ በየሆቴሉና በየክበቡ የሚዘፈነውን የአገሩን ዘመናዊ ሙዚቃ ግን በሱቁ መደርደሪያ ላይ አያገኘውም፡፡ ምክንያቱ አልጠፋውም፡፡ በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር፡፡

አምሃ ምን አደረገ? ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ በ1969 አምሃ ሬኮርድስን ከፈተ፡፡ የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር፣ የታተመውም ሕንድ አገር፡፡ በሚቀጥሉት ስድስት ዓመታት ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ፡፡ ሌሎችም ተከተሉ፤ አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሬኮርድስ፣ የውጭው ፊሊፕስም በራሱ በኩል፡፡ ከ1969 እስከ 1978 ድረስ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 30 ትልልቅ አልበሞች ወጡ፡፡ ይኸው ነው! ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሁሉ አንድ ግድግዳ ላይ በሚያልቅ መደርደሪያ የሚገባ ነው፡፡ ስለዚህ ነው አንዷ ሸክላ እንኳ ስትጠፋ የምትታወቀው፡፡

ሸክላ ቆሻሻ የሆነበት ዘመን

ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽቱ ዓለም ተዘጋ፡፡ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፡፡ በዚያው ሰሞን ካሴት ገበያውን ወረሰ፡፡ ካሴት ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይባዛል፣ በባትሪ ይሠራል፡፡ ሸክላ ማጫወቻው ሲበላሽ መርፌው አይገኝም፡፡ ማጫወቻ የሌለው ሸክላ ደግሞ ለእናቶቻችን ምን ይሠራል? የቤት ማጣበቢያ ነው፡፡ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በሰፈሩ ሲያልፍ፣ ከጠርሙሱና ከቆርቆሮው ጋር ይወጣል፡፡

ያኔ ሰው ታሪክ እየሸጥኩ ነው አላለም፡፡ ቤቱን እያጸዳ ነበር፡፡ ሸክላው ምን ዋጋ እንዳለው የነገረውም አልነበረም፡፡

ዋጋው የተገለበጠበት ቀን

በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የማህሙድ አህመድ ሸክላ እጁ ገባ፡፡ ሰማው፣ አበደ፡፡ በ1986 «እረ መላ መላ» ቤልጅየም ውስጥ ታተመ፡፡ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፋልሴቶ ከአምሃና ከሌሎች አሳታሚዎች ጋር እየተስማማ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች አወጣ፡፡ በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ብሮክን ፍላወርስ በተባለው ፊልም ሲሰማ፣ እኛ «የአባቶቻችን ሙዚቃ» ብለን የተውነውን የኒውዮርክ ልጆች ፍለጋ ወጡ፡፡

ቤት ማጣበቢያ የነበረው ሸክላ ዋጋው ሰማይ ወጣ፡፡ የዋልያስ ባንድና የኃይሉ መርጊያ «ቼ በለው» (1977) የመጀመሪያ ዕትም ከሺህ ዶላር በላይ ተጠርቶበታል፡፡ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴውም ጭንቅ ያኔ ጀመረ፡፡

መሸጥ ሲያድን

«አትሽጡ፣ ቅርስ ነው!» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፡፡ እኔም ልጮህ ነበር፡፡ ግን አንድ ታሪክ አፌን አስያዘኝ፡፡

ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፡፡ ዋሽንግተን አካባቢም ለዓመታት ታክሲ ነዳ፡፡ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከኋላ እያወጣ ታክሲው ውስጥ ይለማመድ ነበር፡፡ በ1985 በአኮርዲዮን የሠራው አንድ ካሴት ደግሞ ባሕር ዳር፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፡፡ ብራየን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ገዛው፡፡ ባለሙያውንም ፈልጎ አገኘው፣ ተስማሙ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው፡፡ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ ዓለምንም ዞረ፡፡

የባሕር ዳሩ ባለሱቅ ያን ቀን «አይሸጥም» ቢል ኖሮስ? ካሴቱ እዚያው አቧራ ይጠጣ ነበር፣ ኃይሉም ታክሲው ላይ ይቀር ነበር፡፡ ስለዚህ መሸጥ ሁልጊዜ ማጥፋት አይደለም፡፡

ግን ሌላውንም ገጽ እንይ፡፡ ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም፡፡ የሚደርሰው ሥራው በስምምነት እንደገና ሲታተም ነው፡፡ ገዢው ለማሳተም ሳይሆን ቤቱ ሊቆልፍበት ከሆነ ደግሞ፣ እኛም አንሰማውም፣ ዘፋኙም አይጠቀምም፡፡ ሸክላው የሚናገረው ነገርም በዘፈኑ አያበቃም፡፡ መሀሉ ላይ የተለጠፈችው ክብ ወረቀት የባንዱን ስም፣ ቁጥሩን፣ አንዳንዴም የግጥምና የዜማውን ባለቤት ትናገራለች፡፡ ከሳክስፎኑ ጀርባ ማን እንደነበረ የሚመሰክረው ያ ወረቀት ብቻ የሆነባቸው ዘፈኖች አሉ፡፡ እሱ ሳይገለበጥ ከሄደ ምስክሩም ሄደ፡፡

ለእኔ እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ «ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?» አይደለም፡፡ «ከመሸጡ በፊት ምን ቀርቷል?» ነው፡፡ ሸክላው ይሂድ፣ ድምፁ ይቅር፡፡ ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይነሳ፡፡ የሰባት ደቂቃ ሥራ ነው!

የሚያስቸኩል ነገርም አለ፡፡ በኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፡፡ ቤት ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ አልጋና ቁምሳጥን መኪና ላይ ይወጣል፣ ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን ደጅ ይቀራል፡፡ አምሃ እሸቴ በ2021 አረፈ፣ አለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ተከተለው፡፡ የሚጠየቁት ሰዎች እያለቁ ነው፡፡ የቀረን ካርቶኑ ነው፡፡

ከሳምንታት በኋላ ወደዚያ ሱቅ ተመለስኩ፡፡ በጋዜጣ የተጠቀለሉት ሦስት ሆነዋል፡፡ ጋሼ ዓይኔን አይተው ገባቸው፡፡ «ኪራይ ጨመሩብኝ» አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም፡፡ እኔስ ምን እላለሁ? ኪራዩን አልከፍልላቸው! የሄደችው የማን እንደነበረች ጠየቅኳቸው፤ ዘፋኙን ያስታውሳሉ፣ ባንዱን ግን ረስተውታል፡፡

ቅዳሜ ማጫወቻና መቅረጫ ይዤ ልመጣ ተቀጣጥረናል፣ ለሦስቱ፡፡ እናንተም እስከ ቅዳሜ ድረስ ከአያቶቻችሁ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን አንድ ጊዜ ክፈቱት፡፡

ቸር እንሰንብት!