የተበላሸና ዋጋ አልባ የድምፅ መስጫ ወረቀት

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናም ሆነ በሞጣ የተመዘገበ መራጭ በጠቅላላ ምርጫ ዕለት ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይቀበላል፡፡ አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለአማራ ክልል ምክር ቤት አባላት መምረጫ ነው፡፡ ክልሉ በተወካዮች ምክር ቤት 138፣ በክልሉ ምክር ቤት ደግሞ 294 መቀመጫዎች ያሉት በመሆኑ በአንደኛው ወረቀት አንድ እጩ ብቻ፣ በሌላው ግን ከአንድ በላይ እጩዎች የሚመረጡበት ሁኔታ አለ፡፡ ይህም መራጩን ሊያሳስት ይችላል፡፡

የወረቀቱ ዕጣ የሚወሰነው ስህተቱ በታወቀበት ጊዜ ነው፡፡ መራጩ ወረቀቱን ወደ ሣጥኑ ከመክተቱ በፊት መሳሳቱን ካወቀ ወረቀቱ «የተበላሸ» ይባላል፤ ለምርጫ አስፈጻሚዎች መልሶም ሌላ ይወስዳል፡፡ የተመለሰው ወረቀት ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጣል እንጂ አይጣልም፤ ወደ ሣጥኑም አይገባም፡፡ መራጩን ለማን ድምፅ ሊሰጥ እንደነበር መጠየቅ አይፈቀድም፡፡ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ረጅም ሰልፍ የጠበቀ አርሶ አደር ስህተቱን ለመናገር ሊያፍር ስለሚችል፣ ወረቀት መቀየር መብት መሆኑ በመራጮች ትምህርት ሊዘነጋ አይገባውም፡፡

ወደ ሣጥን የገባ ወረቀት ግን አይመለስም፡፡ በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ከተገኘበት «ዋጋ አልባ» ይሆናል፡፡ ሁለቱ ቃላት በተለምዶ እየተቀያየሩ ቢነገሩም ልዩነታቸው ሰፊ ነው፡፡ የተበላሸ ወረቀት የመለሰው መራጭ በአዲሱ ወረቀት የሰጠው ድምፅ ይቆጠርለታል፤ የሁለተኛው መራጭ ድምፅ ግን ቀርቷል፡፡

ምንም ምልክት ያልተደረገበት፣ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ እጩዎች የተመረጡበት፣ የመራጩን ማንነት የሚገልጽ ጽሑፍ የሰፈረበት ወይም ምርጫ ቦርድ ያላዘጋጀው ወረቀት ዋጋ አልባ ነው፡፡ ዋናው መመዘኛ የመራጩ ፍላጎት ግልጽ መሆኑ ነው፡፡ የኤክስ ምልክቱ መጣመሙ ወይም የጣት አሻራው ቀለም ጥቂት መፍሰሱ ብቻውን ድምፁን አይጥለውም፡፡

በኢትዮጵያ አሸናፊ የሚሆነው ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እጩ ስለሆነ ዋጋ አልባ ድምፅ በስሌቱ ውስጥ አይገባም፡፡ ጎረቤት ኬንያ ግን ፕሬዚዳንት ለመሆን ከግማሽ በላይ ድምፅ ስለሚጠይቅ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ ውድቅ የሆኑ ድምፆች በመቶኛው ስሌት እንዳይካተቱ ወስኗል፡፡ ይሁን እንጂ በእኛም አገር በሁለት እጩዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋ አልባ ወረቀቶች ቁጥር ሲያንስ እያንዳንዱ ወረቀት አከራካሪ ይሆናል፡፡ የፓርቲ ወኪሎች ቆጠራውን የሚከታተሉትና ቅሬታቸውን የሚያስመዘግቡት ለዚህ ነው፡፡ ቅሬታው በጣቢያው ካልተፈታ ወደ ምርጫ ክልል፣ ወደ ቦርዱና ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራ ይችላል፡፡

የተበላሸው ወረቀት የሚጠበቀው ለሒሳቡ ሲባል ነው፡፡ ለአብነት አንድ ጣቢያ ለአንዱ ምክር ቤት 1000 ወረቀቶች ተረክቦ 812 መራጮች ድምፅ ቢሰጡና 180 ወረቀቶች ሳይሠራባቸው ቢቀሩ፣ ቀሪዎቹ 8 ወረቀቶች በተበላሹት ፖስታ ውስጥ መገኘት አለባቸው፡፡ ከታጡ ወደ ሌላ እጅ አለመግባታቸውን ማረጋገጫ አይኖርም፡፡ ከሣጥኑ 820 ወረቀት ቢወጣ ደግሞ ጥያቄው ከዚህ የከበደ ነው፡፡

የምርጫ ሕጉ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 532 ተሻሽሎ የነበረ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ተተክቷል፡፡ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የተመራው በዚሁ አዋጅ ነው፡፡ ቆጠራው እንደ ቀድሞው በየምርጫ ጣቢያው የሚከናወን ሲሆን ውጤቱም በዚያው በግልጽ ይለጠፋል፡፡