የተራ ፕሮግራም፦ ሰኞን የማይጠብቅ ትምህርት

ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት የሚያስተምሩ የውጭ አገር ወላጆች «ሉፕ ስኬጁል» የሚሉት አሠራር አላቸው። ትምህርቱን ለሰኞ፣ ለማክሰኞ እያሉ አይደለድሉም። የትምህርቶቹን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ይጽፉና በቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ ታች ሲደርሱ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። በመሀል አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ሳይማሩ ቢያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የሚዘለል ትምህርት የለም።

ቃሉን እንዳለ እንዳንወስደው ችግር አለ፤ እዚህ ደቡብ ጎንደር፣ ወገዳ ከተማ ገበያ መሀል «ሉፕ» ቢባል ሴቶቹ የሚያስታውሱት ጤና ጣቢያ ማህፀን ውስጥ የሚገባውን የወሊድ መከላከያ ነው። «ዙር» እንዳንለው ደግሞ ዙር የክትባትና የምዝገባ ቃል ሆኗል፤ አንደኛው ዙር ያመለጠው ሰው አመለጠው ነው። ስለዚህ «የተራ ፕሮግራም» ብየዋለሁ፤ ጊዜው የደረሰው ትምህርት ደግሞ «ተረኛ» ይባል። ስማዳም ሆነ ጋይንት ወይም እስቴ፣ ወንፈል የወጣ ገበሬ ነገሩን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ዛሬ የአንዱ ጤፍ ሊታጨድ ተቀጥሮ ዝናብ ቢጥል፣ ነገ ወንፈሉ እሱን ትቶ ወደሚቀጥለው ሰው ማሳ አይሄድም። ተራው አይቃጠልበትም።

ቤት ማስተማር በዚህ አገር የምርጫ ጉዳይ ሆኖ አልመጣም። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ ገባ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ተናግሯል። ፊደል የቆጠረች እናት፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ታላቅ እህት፣ ሥራ የፈታ መምህር ጎረቤት ቤት ውስጥ አስተማሪ የሆኑት እንዲህ ነው።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት የሚያውቁትን መቅዳት ነው፦ ሰኞ አማርኛ፣ ማክሰኞ ሒሳብ፣ ረቡዕ እንግሊዝኛ። ይህ ፕሮግራም ሁለት ሳምንት ከቆየ ጥሩ ነው። እናቲቱ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ የቤቷ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ሳምንት ጋር ስለማይገጥም ነው። ገጠር ቤት ሥራው የሚቆጠረው በወሩ ቀን ነው፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ። ወራችን 30 ቀን፣ ማለትም አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ስለሆነ፣ እያንዳንዱ በዓል በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደፊት ይገፋል። በ2018 መስከረም ሚካኤል ሰኞ ዋለ፣ ጥቅምት ሚካኤል ረቡዕ፣ ኅዳር ሚካኤል ዓርብ። መደበኛ ትምህርት ቤት በዚያ ቀን ደወሉን ሊደውል ይችላል። አስተማሪዋ የማኅበር ድግስ ያለባት እናት ስትሆን ግን ከዋዜማው ጀምሮ ጠላውና እንጀራው ይዟታል። የመስከረም ሚካኤል አማርኛውን በላው፣ የጥቅምቱ እንግሊዝኛውን። በዚያ ላይ የገበያ ቀን አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ፤ ከብት የሚጠብቀው ታላቁ ልጅ ቢታመም ታናሹ ይተካል።

በተራ ፕሮግራም ከሄደች ግን ሚካኤል የሚወስድባት ቀኑን ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ሳይነካ ይቆያል። የማካሮኒ ካርቶን ክዳን ይቀደድና አምስት መስመር ይጻፍበታል፦ ጽሕፈት፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ጽሕፈት፣ ሥዕል። ጽሕፈት ሁለቴ የገባው ተሳስቶ አይደለም፤ ልጁ የደከመበት ትምህርት ዝርዝሩ አንዴ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሁለት ተራ ይሰጠዋል። የልብስ መቆንጠጫ ተረኛው ላይ ይሰካል። ተምረው ሲጨርሱ መቆንጠጫውን አንድ መስመር የሚያወርደው ራሱ ልጁ ነው፣ ይህን ሥራ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። «እማ፣ ዛሬ ማን ተረኛ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቀኑ ሐሙስ ይሁን ቅዳሜ መልሱን አይለውጠውም።

ንባብና ቁጥር ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ለትንሽ ልጅ እነዚህ በየቀኑ፣ ሩብ ሰዓትም ቢሆን፣ መነካት አለባቸው፤ አንድ ሳምንት የተተወ ንባብ ልጁን ወደኋላ ይመልሰዋል።

አሠራሩ ለጋይንት አዲስ አይደለም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ድጓ የሚመሰከርበት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ ቤተልሔም፣ ያለው እዚሁ ጋይንት ነው። ከዚያ ደረጃ ብዙ በታች ያለው የየኔታ የፊደል ጉባኤም ቢሆን በቀን የተከፋፈለ ትምህርት አያውቅም። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ለአጨዳ ቤቱ ሄዶ የሰነበተ ልጅ ሲመለስ የኔታ የሚጠይቁት የት እንዳቆመ ነው። ክፍሉ ጥሎት አይሄድም፣ ምክንያቱም ክፍል የሚባል ነገር የለም። በኮሮና ጊዜ በሬዲዮ የተላለፈው ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ነበር፦ ሰዓቱ ያለፈበት ልጅ ትምህርቱም አለፈው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ልጁ የጠላው ትምህርት ተረኛ ሲሆን መቆንጠጫው እዚያው ተሰክቶ ይከርማል፤ ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ የጠፋ እርሳስ ሁሉ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ተራ ነው። ሁለት ቀን ከተቀመጠ ግማሹን ብቻ አስተምሮ ማውረድ ይሻላል። ሁለተኛው ጉድለት ጊዜ ነው፦ ቀን ያልተቆረጠለት ዝርዝር ወር ሙሉ አንዴ እንኳ ሳያልቅ ሊቀር ይችላል፣ እናቲቱም ለስንፍናዋ ጥሩ ስም ያገኘችለት ይመስላታል። በየባለወልዱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ካርቶኑ ጀርባ ላይ መስመር መጫር ይህን ያጋልጣል። ስድሳ ልጅ ለሚያስተምር መምህር ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ስድሳ መቆንጠጫ ማን ይይዛል? ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁ ወደ ሰኞና ማክሰኞው ፕሮግራም ይመለሳል። ካርቶኑን ይዞ ቢሄድ ግን መምህሩ ልጁ የት እንደደረሰ ሳይፈትነው ያውቃል።