ከጥገና የተወለደች

በተበላ ከተማ፣ በግቢያችን ጓሮ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት የተራራ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፋ ዓመታት አሳለፈች። ታላቅ ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ የተወልኝ ቅርስ ናት። ካቴናዋ ዝጎ፣ ጎማዋ ተሰነጣጥቆ፣ የፍሬኗ ሽቦ ተበጥሶ ነበር። ከባንክ ሥራዬ በሚተርፉኝ ቅዳሜና እሑዶች ላድሳት ተነሣሁ። ወንድሜ ይህን በስልክ ሲሰማ፣ «ሽጣትና አዲስ ግዛ፤ የጎደለውን እኔ እሞላልሃለሁ» አለኝ።

በቅንነት የተናገረው ቃል ነበር፤ ነገር ግን ከነከነኝ። ያረጀን ነገር ማደስ ከንቱ ድካም ነውን? ደግሞስ አካሏን አንድ በአንድ በአዲስ ብለውጠው የወንድሜ ብስክሌት መሆኗ ይቀር ይሆን? መልስ ፍለጋ ከመፍቻው ጋር የታሪክ ገጾችንም ማገላበጥ ያዝሁ።

ታሪክ የጠበቀኝ ገና ከመሣሪያዎቹ ስም ነው። ብስክሌት የሚፈታ ኢትዮጵያዊ ሳይታወቀው ጣልያንኛ ይናገራል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከዚያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ወራሪው ጦር በ1933 ዓ.ም. ድል ተነሥቶ ከአገራችን ሲወጣ ቃላቱ ግን በየጋራዡና በየጎሚስታው ቀሩ። አንደበታችን እንደሚመቸው አድርጎ ሞረዳቸው፤ ዛሬ ባዕድ ናቸው ብሎ የሚጠረጥራቸው የለም። ስለዚህ የምንናገርበት ቃል እንኳ የታደሰ ዕቃ ነው።

ብስክሌቱም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ሆኖ አልቆየም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጎን ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች አብረው ተሰልፈው ነበር። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው። ከዚያ ዘመን እስከ ጽጋቡ ግርማይ ድረስ፣ ማለትም አንድ ኢትዮጵያዊ በቱር ደ ፍራንስ እስከተወዳደረበት እስከ 2016 እ.ኤ.አ.፣ ስድሳ ዓመት አለፈ።

የእኔን ጥያቄ ይበልጥ የመለሰልኝ ግን የተራራ ብስክሌት የትውልድ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች ከተራራ ቁልቁል ለመጋለብ የሚበቃ ብስክሌት ፈለጉ። በገበያው ግን አልነበረም። ስለዚህ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ሰው የጣላቸውን ወፋፍራም ጎማ ያላቸው ሽዊን ብስክሌቶች ከየጓዳውና ከየቆሻሻ ክምሩ ሰበሰቡ። የእነዚያ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ነበር። በረጅሙ ቁልቁለት ላይ የኋላው ቸርኬ መሐል ይግልና ውስጡ ያለው ግሪስ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ከውድድሩ በኋላ ፈትቶ እንደገና ግሪስ መሙላት ግድ ነበር። በጥቅምት 1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዝነኛ ውድድራቸው «ሪፓክ» የተባለውም ስለዚህ ነው፤ «መልሶ መሙላት» እንደማለት ነው።

እነዚህ ልጆች የሞተር ብስክሌት የፍሬን እጀታ፣ የእሽቅድምድም ብስክሌት ማርሽ እያመጡ በአሮጌው አጥንት ላይ ገጠሙ። ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የታቀደ አዲስ አጥንት የሠራው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ኩባንያ ያቋቋሙት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ስፖርቱ ኦሎምፒክ ገባ። ልብ በሉልኝ፤ ፋብሪካው የመጣው ከጥገናው በኋላ ነው። የተራራ ብስክሌት የታደሰ አሮጌ ልጅ ነው። እንግዲህ አሮጌ የተራራ ብስክሌት የሚያድስ ሰው ወደ ትውልድ ምንጯ ይመልሳታል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥርም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ እጄ ደፈረ። ካቴናው ሲያረጅ የሚረዝም መሆኑን ተማርሁ፤ መጋጠሚያ ፒኖቹ ስለሚበሉ ነው። አዲስ ካቴና ከመጀመሪያው ፒን እስከ ሃያ አምስተኛው ሲለካ 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የእኔው ከዚያ አልፎ ነበር። አዲስ ገዝቼ ብገጥመው በኋላው ጥርስ ላይ እየዘለለ አስቸገረኝ። የሰፈራችን ጠጋኝ አየት አደረገውና፣ «ጥርሱ ተበላ፤ አብረው አርጅተዋል፣ አብረህ ቀይራቸው» አለኝ። የከተማዬን ስም በሌላ ትርጉም ሰምቼ ፈገግ አልሁ። አሮጌው ጥርስ በአሮጌው ካቴና ልክ ራሱን ሞርዶ ስለኖረ አዲሱን አልቀበልም ማለቱ ነበር።

ፍሬኑን ደግሞ አሻሻልሁት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተስፋፋውን «ቪ ብሬክ» ከሶዶ ከተማ፣ ከተጣለ ብስክሌት ላይ አገኘሁ። በአሮጌው ማቀፊያ ላይ ያለ ብየዳ ገጠመ፤ ነገር ግን ሽቦውን ረዘም አድርጎ ስለሚስብ እጀታዎቹም መለወጥ ነበረባቸው። ጎማ፣ ካቴና፣ ጥርስ፣ ፍሬን፣ እጀታ ተለወጠ። አጥንቷን ግን አልነካሁም፤ ቀለሙንም አላደስሁም።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ያደረግሁት ወደ ሁምቦ ተራራ ግርጌ ነበር። በልጅነታችን ወንድሜ ያስተማረኝ እዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ተራራው ራቁቱን ነበር። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ፣ 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው በአዲስ ችግኝ አይደለም፤ ከመሬት በታች ሥራቸው ካልሞተ ጉቶዎች የወጡትን ቀንበጦች እየገረዙና እየጠበቁ ነው። ቅጠሉ ሁሉ አዲስ ነው፤ ሥሩ ግን የጥንቱ ነው። ያን ደን «ሌላ ደን ነው» የሚል የአገሬ ሰው አላጋጠመኝም።

ማምሻውን ፎቶግራፏን ለወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ስለ ፍሬኑም ስለ ጎማውም አልጠየቀኝም።

«ከመቀመጫዋ በታች ያለችው ጭረት አለች?» አለኝ። ቁልቁለቱ ላይ የወደቅን ዕለት የተጫረችው ናት።

«አለች» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና፣ «እንግዲያው አትሽጣት» አለ።