የቱላ የቀድሞ አስተዳደር

ከሐዋሳ ወደ ይርጋ ዓለምና ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቱላ ዛሬ ከሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች በአንደኛው ውስጥ ናት። ክፍለ ከተማው «ሐዌላ ቱላ» ሲባል፣ የፊተኛው ቃል የአንድ የሲዳማ ጎሣ ስም ነው። ስለዚህ የአስተዳደሯን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከጎሣው ሸንጎ መነሣት ይገባዋል።

ይህ ሸንጎ በሲዳምኛ ሶንጎ ይባላል። ሽማግሎች ተሰብስበው ነገር ይሰማሉ፤ ተናጋሪውም አድማጮቹን «አፊኒ?»፣ ማለት «ሰማችሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ፍርዱ የሚጸናው በስምምነት ነው፤ እምቢተኛም ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል። የጎሣው አለቃ ሞቴ ቢሆንም ያለ ሽማግሎች ምክር ብቻውን አይቈርጥም ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ አገሩ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ሌላ ሥርዐት በላዩ ተተከለ። ደጃዝማች ባልቻ ሲዳሞን ከሀገረ ሰላም ሆነው አስተዳደሩ፤ ኋላም መቀመጫው ወደ ይርጋ ዓለም ተዛወረ። አንዳንድ የጎሣ አለቆች ባላባት ተብለው በገባሩና በገዢው መካከል ቆሙ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ሲከፍል ሹሙ ከላይ የሚላክ ሆነ። ሐዋሳም በ1952 ዓ.ም. ተቈርቍራ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ሆነች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባቱን ሥልጣን ሻረ። ቢያንስ 800 ሔክታር ስፋት ባለው ቦታ ሁሉ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም፣ በአባላቱ መካከል የሚነሣውንም የመሬት ክርክር የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ እንዲያይ ታዘዘ። ሸንጎ የሚለው ስም ተመለሰ፤ የሥልጣኑ ምንጭ ግን ሌላ ነበር። የሶንጎው ሽማግሌ በዕድሜውና በታመነ ቃሉ ሲከበር፣ አዲሱ ዳኛ ሥልጣኑን ያገኘው ከአዋጅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም ርእሰ ከተማው። ሐዌላ ቱላ ግን የገጠር ቀበሌዎችንም የያዘ ስለ ሆነ፣ የከተማ ወሰንና የእርሻ ወሰን በአንድነት ይገናኙበታል። መሬት ከእርሻነት ወደ ከተማ ቦታነት በሚለወጥበት ጊዜ፣ ባለይዞታው አስቀድሞ ይሰማል ወይ የሚለው ጥያቄ የጥንቱ የሶንጎ ጥያቄ ነው።

የሹሞች ስምና የአዋጆች ቁጥር በመዝገብ ይገኛል። የሶንጎ ፍርድ ግን የተጠበቀው በሽማግሎች ቃል ስለ ሆነ፣ ተማሪዎቻችን ሳይዘገዩ ሊሰበስቡት ይገባል፤ አለዚያ የቱላ ታሪክ የገዢዎቿ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።