በተውሶ የኖረ ጥበቃ፦ የአሮጌ ቤቶች የምድር መስመር ታሪክ

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ መኖሪያ ቤቶች በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በቤት ውስጥ የሚዘረጋው መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው፤ አንዱ ኮረንቲውን ወደ አምፖሉ የሚያመጣው ፌዝ፣ ሌላው ወደ ምንጩ የሚመልሰው ኒውትራል ነው። ሦስተኛው ሽቦ፣ ማለትም የመሣሪያዎችን የብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኘውና በባለሙያዎች ዘንድ «ኧርዝ» እየተባለ የሚጠራው የምድር መስመር፣ ከሁለቱ በጣም ዘግይቶ፣ በየአገሩም በተለያየ ጊዜና መንገድ የመጣ ነው። ከመጣም በኋላ ለብዙ ዘመን የራሱ የሆነ ሽቦ ስላልነበረው፣ ለሌላ አገልግሎት የተዘረጋን ብረት፣ ማለትም የውኃ ቧንቧን፣ የሽቦ መከለያ ቱቦን፣ አንዳንዴም ኒውትራሉን ራሱን እየተዋሰ ኖሯል። በአሮጌ ቤቶች የሚታየው የምድር መስመር ችግር በአብዛኛው የዚህ ተውሶ ውጤት ሲሆን፣ የተዋሰው ብረት በራሱ ምክንያት ሲዝግ፣ ሲለወጥ ወይም ሲነሳ ጥበቃውም አብሮ ይጠፋል፤ መጥፋቱን የሚናገር ምልክት ግን አይታይም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ለመረዳት የምድር መስመር የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የብረት አካል ባለው መሣሪያ ውስጥ፣ ለምሳሌ በካውያ ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የፌዙ ሽቦ ሽፋን ተልጦ ብረቱን ቢነካ መላው አካሉ ኮረንቲ ይይዛል፤ መሣሪያውን የነካ ሰውም ኮረንቲው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይሆናል። የምድር መስመር በሚገባ ተሠርቶ ከሆነ ግን ብረቱ ፌዙን በነካበት ቅጽበት ከፍተኛ ኮረንቲ በዚያ መስመር ስለሚፈስ ባልቦላው ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወርዳል፣ አደጋውም ሰው ሳይደርስበት ይቋረጣል። ይህ የሚሆነው የመንገዱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቲው እንዳያልፍ የሚገድበው ኃይል፣ በጣም ዝቅተኛ ሲሆን ብቻ ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ 20 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው የሚፈሰው ኮረንቲ 11 አምፔር ብቻ ይሆናል፤ 16 አምፔር የሚችል ባልቦላም በዚህ መጠን አይቃጠልም። ከ0.03 አምፔር የበለጠ ኮረንቲ በሰው አካል ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ቢያልፍ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ «ኧርዝ አለው» እየተባለ ሰው ሊገድል ይችላል። የምድር መስመር መኖርና የምድር መስመር መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በታሪኩ ሁሉ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ ቁም ነገር ነው።

የመስመሩ መዘግየት ከዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ኦገስት ፎን ሽታይንሃይል መሬት ራሷ ለቴሌግራፍ የመመለሻ ሽቦ ሆና ልታገለግል እንደምትችል ያሳየው በ1838፣ ማለትም የቤት ውስጥ መብራት ከመስፋፋቱ ከአርባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነበር። የመዘግየቱ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይፈራ የነበረው ዋና አደጋ እሳት መሆኑ ነው፤ በ1882 በለንደን የቴሌግራፍና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው የመጀመሪያው የዝርጋታ ደንብም ዓላማው የኤሌክትሪክ መብራት ሊያስነሳ የሚችለውን ቃጠሎ መከላከል ነበር። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ማለት ከጣሪያ የተንጠለጠለ አምፖል ስለነበረ፣ ከሥሩ ያለው ወለልም በአብዛኛው ደረቅ እንጨት ስለነበረ፣ ሰው በአንድ እጁ ኮረንቲ በሌላው ደግሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት የሚነካበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር።

ከዚህም በላይ መስመርን ከመሬት ጋር ማገናኘት ራሱ ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነበር። ተቃዋሚዎቹ፣ ከመሬት ጋር ጨርሶ ባልተገናኘ መስመር ላይ አንድ ሽቦ ብቻ የነካ ሰው ኮረንቲው የሚዞርበት መንገድ ስለማይኖር አይጎዳም ይሉ ነበር፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ከትራንስፎርመሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሾልኮ ወደ ቤት ቢገባ የሚያስወግደው መሬት ብቻ ነው ብለው ይመልሱ ነበር። በአሜሪካ ክርክሩ የተዘጋው በ1913 ሲሆን፣ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ደንብ እስከ 150 ቮልት ያሉ የቤት መስመሮች ከመሬት ጋር እንዲገናኙ ግዴታ አደረገ። ኒውትራሉ መሬት ከያዘ በኋላ ግን ፌዙን የነካና መሬት ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የመሣሪያዎቹንም አካል ከመሬት ጋር ማገናኘት የማይቀር ሆነ። አንደኛው ውሳኔ ሌላውን እያስከተለ ሳለ በሁለቱ መካከል አሥርት ዓመታት አለፉ፤ በአሜሪካ አዲስ በሚዘረጉ የተለመዱ የቤት መስመሮች ላይ የሚገጠሙ ሶኬቶች ሁሉ የምድር ቀዳዳ እንዲኖራቸው የታዘዘው በ1962 ነው።

ተውሶው ጎልቶ የታየው በብሪታንያ ቤቶች ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ካውያ፣ ማንቆርቆሪያና ማሞቂያ ወደ ቤት ሲገቡ ኤሌክትሪክ ከጣሪያ ወደ ማድ ቤት ወረደ፣ ከውኃና ከብረት ጋርም ተጎራበተ። በ1934 ባለሦስት እግር ክብ ስፒናዎች መለኪያ ወጣላቸው፤ በ1947 ደግሞ የምድር እግሩ ከሌሎቹ የሚረዝመውና ቀድሞ የሚገናኘው ባለአራት ማዕዘን እግር ስፒና ታወጀ። ከሶኬቱ በስተጀርባ ያለው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ሽቦ አልነበረም። በአንዳንድ ቤቶች ሽቦዎቹ የሚያልፉበት የብረት ቱቦ፣ በሌሎች ደግሞ ገመዱ የተጠቀለለበት የእርሳስ ሽፋን እንደ ምድር መስመር ያገለግል ነበር፤ ይህም ሁሉ በመጨረሻ ቤት ውስጥ ከሚገባው የውኃ ቧንቧ ጋር ይታሰር ነበር።

እነዚህ መንገዶች አዲስ በነበሩበት ጊዜ ጥሩ አድርገው ይሠሩ ነበር። የብረት ቱቦው ግን በየመገጣጠሚያው ዛገ፣ ብሎኑ ላላ፤ የእርሳስ ሽፋኑ በታጠፈበት ተሰነጠቀ፤ ሽቦዎቹን የሸፈነው ጎማም ከዕድሜ ብዛት ደርቆ ስለሚፈረፈር፣ ጥበቃው በደከመበት ዕድሜ አደጋው በረታ። የከፋው ግን የውኃ ቧንቧው ዕጣ ነበር፤ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው የብረት ቧንቧ አርጅቶ በፕላስቲክ በተተካ ቁጥር፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሥራውን በአግባቡ ፈጽሞ ሲሄድ የቤቱን የምድር መስመር ሳያውቅ ቆርጦ ይሄድ ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ካውያው ይሞቃል፣ ምንም የጎደለ ነገር አይታይም፤ ምክንያቱም የምድር መስመር ጤናማ በሆነ ቤት ውስጥ ምንም ኮረንቲ የማይፈስበት፣ ሥራው የሚታወቀው በብልሽት ቀን ብቻ የሆነ ሽቦ ነው። የብሪታንያ የዝርጋታ ደንብ 14ኛ እትም በ1966 ሲወጣ የውኃ ቧንቧን ብቻውን እንደ ምድር መስመር መጠቀምን ለአዲስ ሥራ ከለከለ፣ ለየአምፖሉም የምድር ሽቦ እንዲደርስ አዘዘ፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ቤቶች ግን እንደነበሩ ቀሩ።

በጀርመን ተውሶው ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ የተለመደው ዘዴ ኒውትራሉን በሶኬቱ ላይ ከምድር እግር ጋር በማሰር አንዱን ሽቦ ለሁለት ሥራ ማዋል ነበር፤ ሦስተኛ ሽቦ ስለማያስፈልግም ወጪው አነስተኛ ነበር። ኒውትራሉ ከሶኬቱ በፊት አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ግን፣ የፌዙ ኮረንቲ በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ምንም ብልሽት የሌለበትን የብረት አካል ኮረንቲ ያሲዘዋል። ስለዚህ ጥበቃ የተባለው ሽቦ ራሱ የአደጋው ምንጭ ይሆናል። በምዕራብ ጀርመን ይህ አሠራር ለቀጫጭን የቤት ሽቦዎች በ1973 ተከለከለ፤ በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ቆይቷል።

ከተውሶው ለመላቀቅ ከረዱት ግኝቶች አንዱ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ነው። መሐንዲሱ ሄንሪ ሩቢን በ1955 የሠራው ፍሳሽ ጠባቂ ብሬከር በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኮረንቲ ያነጻጽርና ልዩነት ሲያገኝ፣ ማለትም ኮረንቲ ወደ መሬት ሲሾልክ፣ መስመሩን ያቋርጣል። ለቤት የሚሆነው ዓይነት በ0.03 አምፔር ልዩነት ስለሚወርድ፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው 20 ኦም ያለው ደካማ ዘንግ እንኳ ከእርሱ ጋር ሲጣመር በቂ ጥበቃ ይሰጣል። የምድር ሽቦው ጨርሶ ከሌለ ግን ብሬከሩ የሚወርደው ሰው መሣሪያውን ከነካ በኋላ ስለሆነ፣ አንዱ የሌላው አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያም የራሱን አሻራ ትቷል። የኤሌክትሪክ ብርሃን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቢጀምርም፣ በከተማ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የቆየው ለአምፖል የሚበቃ ባለሁለት ሽቦ ዝርጋታ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1960 አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ኃይሉ እየበዛ ሲሄድ፣ ለአምፖል በተዘረጋው መስመር ላይ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰካበት። ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስድ፣ በሊጥና በውኃ በራሰ እጅ የሚነካ፣ ብዙ ጊዜም ከዋናው ቤት ተነጥሎ በተሠራ ሰርቪስ ቤት፣ በሲሚንቶ ወይም በአፈር ወለል ላይ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ስለሆነም ሦስተኛው ሽቦ ከየትኛውም የቤት ዕቃ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት የሚሳበው ገመድ ባለሁለት ሽቦ ሆኖ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። በእንዲህ ያለ ቤት «ምጣዱ ይነዝራል» ሲባል የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ መጋገር እንደ መፍትሔ ተወስዷል፤ ይህም ጥበቃን ከመስመሩ ወደ ጋጋሪዋ እግር የሚያሸጋግር አደገኛ ልማድ ነው።

አፈሩም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ኮረንቲን በቀላሉ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን ከተቀበረው ዘንግ ስለሚላቀቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። በዘንጉ ዙሪያ ጨውና ከሰል መጨመር የተለመደው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ጨው በዝናብ ስለሚታጠብና ብረቱንም ስለሚበላ፣ በነሐሴ ተለክቶ ጥሩ የተባለ ዘንግ በመጋቢት ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። በአሮጌ ቤት ውስጥ ባለሁለት ቀዳዳ ሶኬቶችን በባለሦስት ቀዳዳ መለወጥ፣ ከኋላቸው የምድር ሽቦ እስካልተዘረጋ ድረስ፣ ነዋሪውን በሌለ ጥበቃ ማዘናጋት ነው፤ ያልተጠበቀ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃልና። ጥበቃው ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ እያንዳንዱ ሶኬት የሚደርስ የራሱ ሽቦ፣ በደረቁ ወራት ተለክቶ የታወቀ ዘንግና ፍሳሽ ጠባቂ ብሬከር ያስፈልጉታል፤ በቤቱ ላይ የቧንቧ፣ የወለል ወይም የግድግዳ ሥራ በተሠራ ቁጥርም እንደገና መለካት አለበት። ያለፉት ትውልዶች ጥበቃውን ከሌላ ዕቃ የተዋሱት በስንፍና ሳይሆን በዘመናቸው የነበረው ብረት ዘላቂ መስሎ ስለታያቸው ነው፤ የእነርሱን ቤት የወረሰ ትውልድ ግን የተዋሱት ብረት ዛሬም በቦታው መኖሩን በመለኪያ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት።