አምስቱ ድመቶች

ግቢያችን ሰሞኑን ስብሰባ ላይ ነው። አጀንዳው ድመት ነው። ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ይጣላሉ፣ ኮርኒስ ውስጥ ይወልዳሉ፣ የቆሻሻ በርሜሉን ይገለብጣሉ። አከራያችን ቡና እየቀዱ «ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንገላገል» አሉ። ግማሹ ተከራይ ተስማማ። እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ ስለሆነ እጄን ላወጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያስቆመኝ የአንዲት ደሴት ታሪክ ነው።

ማሪዮን ትባላለች። ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ቀዝቃዛና ነፋሻማ ደሴት ናት። በድሮ ዘመን ለባሕር እንስሳት ቆዳ የሚመጡ አዳኞች ሳያስቡት አይጥ አራግፈውባት ሄዱ። ደቡብ አፍሪካ የአየር ጠባይ ጣቢያ ከተከለችባት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 አምስት ድመቶች መጡ። ሥራቸው የጣቢያውን አይጥ መያዝ ነበር።

ድመቶቹ ግን ከአይጥ የሚቀል ሥጋ አገኙ። በደሴቲቱ ላይ መሬት ቆፍረው የሚፈለፍሉ የባሕር ወፎች ሞልተዋል፤ ድመት የሚባል ጠላት ደግሞ አያውቁም። በ1977 አምስቱ ድመቶች 3,400 ገደማ ሆነው ነበር። በዓመት እስከ 450,000 ወፍ ይበሉ እንደነበር ተገምቷል።

በዚያው ዓመት ሳይንቲስቶች ድመት የሚገድል ቫይረስ ለቀቁባቸው። በ1982 ከ600 ጥቂት የሚበልጡ ቀሩ። የተረፉትን ግን በሽታው ሊጨርሳቸው አልቻለም። ከ1986 ጀምሮ መብራትና ጠመንጃ የያዙ አዳኞች ሌሊት ሌሊት ተሰማሩ፤ በመጨረሻም ወጥመድና መርዝ ተጨመረ። ደሴቲቱ ከድመት የጸዳችው በ1991 ነው። አምስት ድመት ያመጣው ጣጣ ለመጥራት 14 ዓመት ፈጀ።

ወፎቹን ለማዳን ሌላ መንገድ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች፣ አይጦቹ፣ አሁንም አሉ። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ይበልጥ በዙ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ የአልባትሮስ ጫጩቶችን በሕይወት እያሉ ሲበሏቸው ታይተዋል። አሁን አይጦቹን ለማጥፋት ሌላ ዘመቻ እየተዘጋጀ ነው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ማሪዮን ዙሪያዋ ባሕር ነው፤ የሞተ ድመት ቦታውን የሚወርስ ጎረቤት የለውም። የእኛን አጥር ግን የትኛውም ድመት ይዘለዋል። በርሜሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ የዛሬዎቹ ቢሞቱ የነገዎቹ ይመጣሉ። መርዙን ደግሞ ውሻም፣ የሚድህ ሕፃንም ያገኘዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ ምግቡን የምንተወው እኛ፣ የምትቀጣው ድመት።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀረብኩ፤ በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ የኮርኒሱ ቀዳዳ ይደፈን (ግልገሎቹ ከወጡ በኋላ)፣ ከተዋጣ ደግሞ ድመቶቹ ይኮላሹ። አከራያችን «ልጄ፣ ለድመት ደግሞ ሐኪም?» ብለው ሳቁ። ክዳኑን ግን ገዙ።

ስለ መርዙ እሑድ እንወስናለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።