ከጨረር ክፍል ወደ ባሮ ዳር

በጋምቤላ ከተማ የደመወዝ ሥራ የተወለደው ከወደቡ ጋር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተፈቀደ። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት ጀልባዎች እዚህ የሚደርሱት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። ከጎሬና ከሰዮ የወረደው ቡና የሚጫነውም በእነዚያ ጥቂት የክረምት ወራት ነው። ውሃው ሲጎድል ሥራም ይጠፋል። በዚህ ስሌት በሐምሌ የታመመ ተሸካሚ የከሰረው ሳምንት ሳይሆን ዓመት ነው፤ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጆንያውን ማንሣት የቻለ ይሠራል፣ ያልቻለ ይቀመጣል።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዙ ንግድ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ደመወዝተኛው ወደ ቢሮ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ዞረ። አብሮ የመጣው አዲስ መለኪያ የሐኪም ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የሚያስገኘው የሕመም ፈቃድ ታሪክ ራሱ ይገርማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ሰጠ፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። በ1996 አዋጁ ተለወጠ፣ በ2011 እንደገና በ1156/2011 ተተካ፤ ይህ ቀመር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ትንሽ ይሻለዋል፤ በዓመት እስከ 8 ወር ይፈቀድለታል፣ ሦስቱ በሙሉ፣ ሦስቱ በግማሽ ደመወዝ። ቀመሩን ላነበበ ሰው የተሰፋው ለወባ፣ ለታይፎይድ፣ ለእግር ስብራት ይመስላል፤ ተኝቶ፣ ድኖ፣ ተነሥቶ ለሚመለስ።

ካንሰር እንዲህ አይደለም።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ እንደሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ጋምቤላ ደግሞ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4.8 በመቶ የቫይረሱ ሥርጭት የተመዘገበባት፣ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛዋ ነበረች። ስለዚህ በዚህ ክልል ለካንሰር የጨረር ሕክምና የሚያስፈልጋት ሴት እንግዳ ታሪክ አይደለችም።

ጨረሩ ግን ሩቅ ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወራት የሚቆጠር። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማኅፀን በር ጨረር በተለመደው አሰጣጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለአምስት ሳምንት ያህል ይቀጥላል፤ ከጋምቤላ እየተመላለሱ የሚታከሙት አይደለም። ሪፈር፣ ባዮፕሲ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። አንዲት የግል ድርጅት ጸሐፊ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልባትን አንዲት ወር እዚህ ላይ ልትጨርስ ትችላለች፤ ሕክምናው ገና ሳይጀመር። ማደሪያውም ሌላ ወጪ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ማዘጋጀቱ ለዚሁ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማ ላይ ጨረር መጀመሩ ለጋምቤላ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገዱ ላይ ናትና።

ታክሞ የተመለሰው ሰው «ወደ ሥራው ተመለሰ» የሚባለው መቼ ነው? ሌላው ዓለም ይህን ሲለካ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት 36 ጥናቶችን ደምሮ ሲያይ፣ ከካንሰር ከተረፉት 33.8 በመቶው ሥራ አጥ ሲሆኑ ከጤነኞቹ ግን 15.2 በመቶ ነበሩ። ፊንላንዶች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የሥራ ችሎታ መለኪያ ደግሞ ከ7 እስከ 49 ነጥብ ይሰጣል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሠራተኛው በሕይወቱ ምርጥ ከነበረበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ዛሬ ያለውን ችሎታ ከዜሮ እስከ አሥር እንዲሰጥ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ሠራተኛ ሲል በአሠሪ ስም የተመዘገበን ሰው ነው በዓይኑ የሚያየው።

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላይ ከብብት ሥር ዕጢዎች ሲወጡ ትከሻ ሊደርቅ፣ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ሙቀት እብጠቱን ያባብሰዋል፤ በጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል። አሁን ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገች አንዲት የአኙዋ ሴት እናስብ። ውሃ በራሷ ተሸክማ ከወንዝ ስትወጣ ዕቃውን የምትደግፈው ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ ነው። ባሮ ሲጎድል በዳርቻው የሚዘራው በቆሎና ማሽላ መኮትኮት ይፈልጋል፤ እህሉም በሙቀጫ ይወቀጣል። ሦስቱም ያንኑ ክንድ ይጠይቃሉ። ደመወዝ ስለሌላት ፈቃድ አልወሰደችም፤ ፈቃድ ስላልወሰደች «ተመለሰች» ብሎ የሚጽፍላት የለም። ለማኅፀን በር ካንሰር ጨረር የታከመች መምህርት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፦ ጨረሩ ፊኛንና አንጀትን ስለሚነካ የምትጨነቀው መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሏ ስንት እርምጃ እንደሆነ ነው። የሐኪም ወረቀቷ ላይ ግን «ሥራ መሥራት ትችላለች» ይላል፣ አበቃ።

በአገራችን የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ተጀምሯል። የሚቆጥረው በሽታውን ነው፦ ዓይነቱን፣ የታካሚውን ዕድሜና ጾታ፣ ሞትን። ከሞት የተረፈው ምን እንደሚሠራ የሚጠየቀው ምናልባት ጡረታ ሲጠይቅ ነው። በጡረታ ሕጉ በጤና ምክንያት መሥራት አለመቻሉ በሕክምና ተረጋግጦ የተሰናበተ ሠራተኛ 10 ዓመት ካገለገለ ዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ ከዚያ በታች ካገለገለ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይወጣል። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረች መምህርት የቀራትን አንድ ዓመት ለመሙላት ስትል ሕመሟን ደብቃ ክፍል ብትገባ፣ በመዝገቡ ላይ ወደ ሥራዋ በሚገባ የተመለሰች ሆና ትታያለች።